ያምናውን ዘር አትጣሉት፦ ስለ ጓሮ አትክልት ዘር ለተሰጠ ምክር ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጓሮ አትክልት ዘር የተጻፈ አንድ ምክር በየስልኩ እየዞረ ነው። ለእኔም ከአንድም ከሁለትም ሰው ደርሶኛል። ጸሐፊው በዘር ላይ ገንዘብ እንዴት እንደሚቆጠብ ነው የሚያስረዱት። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከጓሮ የተለቀመ ዘር ይደክማል፤ ስለዚህ በየወቅቱ አዲስ ግዙ። ስትገዙ ትልቁን ጣሳ ውሰዱ፤ በግራም ሲሰላ ይረክሳል። ካምና የተረፈውን ጣሉት። ከተቻለ ሃይብሪድ (ሁለት የተመረጡ ዓይነቶችን አዳቅሎ የተገኘ ዘር) ይሁን፤ ወጪውን ይመልሳል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ያስልክ። ከጎረቤት ዘር መቀበል ግን በሽታ መቀበል ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ጸሐፊው ለአንባቢ አስበው እንደጻፉትም ያስታውቃል። ቢሆንም ምክሩን እንዳለ የተከተለ ሰው ገንዘብ ይቆጥባል ብዬ አላምንም፤ ይከስራል። ሁለት ሦስት መደብ ጎመንና ቆስጣ የሚያለማ የከተማ ሰው ጉልበቱ የራሱ ነው። ፍጉን ከዚያው ከሰፈር ያገኛል። ከኪሱ የሚያወጣው በዋናነት ለዘር ነው። ጽሑፉን የሚያነበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና ጀማሪ ነው፤ ያነበበውን አምኖ በቀጥታ ወደ ሱቅ ይሄዳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

"ከጓሮ የተለቀመ ዘር ይደክማል"

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጸሐፊው ያዩት ነገር እውነት ነው። ከራሳቸው ጎመን ዘር እየለቀሙ የሚዘሩ ሰዎች፣ ጥቂት ዓመት ቆይተው ቅጠሉን ሳይጠግቡት ጎመኑ ያብብባቸዋል። ሰላጣም እንደዚሁ። ከዚያ "ዘሩ ደከመ" ይባላል። ግን ለምን እንዲህ ሆነ?

ጓሮ ውስጥ የሚሆነውን ልብ በሉ። ቅጠሉ ሰፊ የሆነውን፣ ለስላሳውን፣ ለማበብ የማይቸኩለውን ጎመን እየቀነጠስን እንበላዋለን። ቀድሞ ያበበው ለወጥ ስለማይሆን እዚያው ይተዋል። ፍሬ ይይዛል፣ ይደርቃል። "ለዘር ይሁን" ብለን የምንለቅመው ያንን ነው። ይህን በየዓመቱ ስንደግመው ቶሎ የሚያብብ ጎመን እየመረጥን ነው። ከጓሮ መለቀሙ ዘሩን አላበላሸውም። እናቲቱን የመረጥነው በተቃራኒው ነው።

መፍትሔው ሳንቲም አይጠይቅም። ጎመኑ ገና ቅጠል በሚሰጥበት ጊዜ ጓሮውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። በጣም ያማሩትን፣ በሽታና ተባይ ያልደፈራቸውን አምስት ስድስት ተክሎች ምረጡና ክር እሰሩባቸው። ከእነሱ ቅጠል አትቀንጥሱ። ሌሎቹ ውስጥ ቀድሞ አገዳ ያወጣውን ሁሉ ሳያብብ ንቀሉት። ቆባው (ዘሩን የያዘው ማቀፊያ) ወደ ቢጫነትና ቡናማነት ሲለወጥ አገዳውን ቁረጡና ጥላ ውስጥ ጨርቅ ዘርግታችሁ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። ሙሉ በሙሉ ተክሉ ላይ ይድረቅ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ቆባው እየፈነዳ መሬት ላይ ይራገፋል። ከአምስት ስድስት ተክል የሚገኘው ዘር ለእናንተ በቅቶ ለሰፈሩም ይተርፋል።

ሐበሻ ጎመን ለዚህ ሥራ የተመቸ ተክል ነው። በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል። የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገኖች በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ፣ የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ተክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የአበባ ብናኝ ያፈራል። ንቦች ጥቂቱን ቢያዳቅሉትም፣ ጎረቤት ያለው ጥቅል ጎመን በቀላሉ አያበላሸውም። በአየሩ የኖረ ተክል ስለሆነ ያለ ችግር ያብባል፣ ዘርም ይሰጣል። ይህን ዘር በየወቅቱ ግዙ ማለት ሰውን ያለ ምክንያት ገንዘብ ማስወጣት ነው።

ደግሞም ገበሬው ይህን ሲያደርግ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጂን ባንክ ሰብስቦ ያስቀመጠው ዘር አብዛኛው ገበሬ ለትውልድ እየመረጠ ያቆየው ነው። ባንኩን የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ይህንኑ የገበሬ ዘር በማዳን ሥራቸው ነው። በእጅ የተመረጠ ዘር በባሕርዩ የሚደክም ቢሆን ኖሮ ባንኩ የሚሰበስበው ነገር ባልነበረ።

አሁን ጸሐፊው ያልለዩትን ነገር ልለይ። አትክልት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያና አተር በራሳቸው ብናኝ ስለሚያፈሩ እናቲቱን የሚመስል ልጅ ይሰጣሉ። ጀማሪ ከእነዚህ ይጀምር። ቃሪያም ጥሩ ነው፤ ግን ነፍሳት ያዳቅሉታል። የሚያቃጥለውንና የፈረንጅ ቃሪያን ጎን ለጎን ተክላችሁ ዘር ብትለቅሙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጣፋጭ ነው ብላችሁ የነከሳችሁት ሊያቃጥላችሁ ይችላል። ለዘር የምትፈልጉትን ተክል አበባው ከመፈንዳቱ በፊት በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፍኑት። ፍሬ ሲቋጥር አጎበሩን አንሡና ፍሬውን በክር ምልክት አድርጉበት። በቃ።

ዱባና ዝኩኒ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ንብ ከሰፈር ሁሉ ብናኝ ታመጣለች። ከተዳቀለ ዘር የበቀለ ዝኩኒ አንዳንዴ መራራ ፍሬ ይሰጣል። መራራ ከሆነ አትብሉት፤ ምሬቱ የሚያሳምም መርዝ ነው፣ በማብሰልም አይጠፋም። ዘሩን መልቀም የሚፈልግ ሰው ሴቴዋን አበባ ማታ፣ ሳትፈነዳ፣ በክር ይሰር። ጠዋት ከዚያው ዓይነት ወንዴ አበባ ብናኝ አስነክቶ መልሶ ይሰራት። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ስላላት ትለያለች።

ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንና ቆስጣ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እነዚህ የሚያብቡት በሁለተኛ ዓመታቸው፣ ረዘም ያለ ብርድ ካገኙ በኋላ ነው። የእኛ አገር ብርድ ብዙ ጊዜ አይበቃቸውም። ቢያብቡም ጥሩ ዘር ለማግኘት ብዙ ተክል አንድ ላይ ማቆየት ይጠይቃሉ። ጠባብ ጓሮ ያለው ሰው የእነዚህን ዘር ይግዛ።

የቲማቲሙን አሠራር ብዙ ሰው ስለሚሳሳት እዚህ ልጻፈው። በደንብ የበሰለና ጤነኛ ፍሬ ምረጡ። ዘሩን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁና ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ተዉት። ላዩ ላይ አረፋና ሻጋታ ይይዛል፤ አትደንግጡ። ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር መብቀልን የሚከለክል ነው፤ ሲብላላ ይለቃል። ከሦስት ቀን በላይ ካቆያችሁት ግን ዘሩ እዚያው መብቀል ይጀምራል። በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። የሚንሳፈፈውን ድፉት፣ የሰመጠውን አስቀሩ። ሳህን ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ሶፍት ላይ ካደረቃችሁት ተጣብቆ አይነሣም።

ከወጥ ቤት የሚገኘውንም መርሳት የለብንም። ነጭ ሽንኩርት ዘር አያስፈልገውም፤ ትልልቁን ፍንካች ተክሉት። ያልተቆላ ድንብላልና አብሽ ከቅመም ተራ ገዝታችሁ ብትዘሩት ይበቅላል። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ደግሞ ከጎረቤት በተቆረጠ ቅርንጫፍ ይያዛሉ።

"ትልቁን ጣሳ ግዙ፣ በግራም ይረክሳል"

ሒሳቡ ወረቀት ላይ ትክክል ነው። ጓሮ ውስጥ ግን አይሠራም። አንድ ግራም የጥቅል ጎመን ዘር ከ250 የማያንስ ፍሬ አለው። የግማሽ ኪሎ ጣሳ እንግዲህ ከ100 ሺህ ፍሬ በላይ ነው። ጓሯችሁ ሠላሳ ጎመን ከያዘ ትልቅ ጓሮ ነው። ካሮትማ የባሰ ነው፤ በግራም ከ700 ፍሬ በላይ አለው። በግራም የረከሰው ዘር፣ ለምትበሉት ለእያንዳንዱ ጎመን ሲካፈል ውድ ይሆናል።

ሌላም ጉዳት አለው። ፋብሪካው ጣሳውን ሲያሽገው ዘሩ በጣም ደርቆ ነው። አንዴ ከከፈታችሁት የክረምቱን እርጥበት መጠጣት ይጀምራል። ትልቅ ጣሳ ገዝቶ በየወቅቱ እየከፈተ የሚዘግን ሰው የቀረውን ዘር በየጊዜው እያዳከመው ነው።

ጣሳ መግዛት የሚያዋጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እንደ ቅርጫ ተከፋፍሎ መግዛት። አምስት ስድስት ቤት ሆናችሁ አንድ አንድ ዓይነት ትንሽ ጣሳ ትገዛላችሁ። አንዱ ካሮት፣ አንዱ ቆስጣ፣ አንዱ ቀይ ሥር። በገዛችሁበት ቀን ከፍታችሁ ትካፈላላችሁ። እያንዳንዱ ድርሻውን በደረቅ ጠርሙስ ይይዛል፤ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ይጽፍበታል።

አሥር ጥቅል ጎመን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ዘር መግዛቱ ራሱ አያስፈልግም። ችግኝ ይግዛ። ከዘር የሚወጣው ቡቃያ በቆራጭ ትልና በመጠውለግ ስንቱ እንደሚያልቅ ለሚያውቅ ሰው፣ ችግኝ ውድ አይደለም።

የገዛችሁትንም አብቃቁት። የቀይ ሥርና የቆስጣ አንድ ፍሬ የሚመስለን ነገር የብዙ ዘሮች ጥቅል ነው። ከአንዱ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። ብዙዎቻችን የበዛውን ነቅለን እንጥላለን። ቆስጣ ግን መዛወር ይችላል። አፈሩ ርጥብ ሳለ ቀስ ብላችሁ ለያዩትና ሌላ መደብ ላይ ትከሉት፤ ከተመሳሳይ ዘር የምታገኙት ተክል ይጨምራል።

"ካምና የተረፈውን ጣሉት"

በጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳዘነኝ ይህ ነጥብ ነው። ደህና ዘር ቆሻሻ ላይ ያስጥላልና።

ዘር ሁሉ እኩል ዕድሜ የለውም። ሽንኩርት ደካማ ነው፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ መብቀሉ ያጠራጥራል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ካሮትና ቃሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያሉ። ቲማቲም፣ የጎመን ዓይነቶች፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ፣ በደንብ ከተያዙ አራት ዓመት ያህል ይቆያሉ። ኪያር ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ዋናው አያያዝ ነው። የዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ መመሪያ አለ። የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል። የሚቀመጥበት ቦታ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንደዚያው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ በፌስታል ተቋጥሮ የተቀመጠ ዘር ሁለቱንም አጥቷል፤ ሙቀትም እንፋሎትም አለበት። እንዲህ የተያዘ ዘር በዓመቱ ቢሞት ጥፋቱ የዕድሜው አይደለም።

የድሮ ሰዎች ዘርን ከአመድ ጋር ለውሰው በቅል ያስቀምጡ የነበረው በምክንያት ነው። አመድ እርጥበቱን ይጠጣል፤ ነቀዝንም ያስቸግረዋል። ዛሬ አመድ የሌለው ቤት ሩዝ ይጠቀም። ጥቂት ሩዝ በምጣድ እስኪደርቅ አምሱት፣ ፈጽሞ ሲበርድ ጠርሙስ ሥር አድርጉት። ዘሩን በወረቀት ጠቅልላችሁ በላዩ አስቀምጡና ክዳኑን አጥብቁት። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኘው የእርጥበት መጠጫ ከረጢትም ጥሩ ነው። ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ የተሻለ። ስታወጡት ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ አትክፈቱት፤ ላብ ይይዘዋል። እስኪሞቅ ጠብቁ።

ዘሩ ይብቀል አይብቀል ለማወቅ ደግሞ መገመት አያስፈልግም። ሃያ ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጉ፣ ጠቅልሉት፣ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ጎመን በጥቂት ቀን ይታያል። ቲማቲም ሳምንት አሥር ቀን ይፈልጋል። ቃሪያ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ታገሡት። ከሃያው አሥራ ስድስት ከበቀለ እንደ አዲስ ዝሩት። አሥር ከበቀለ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩት። ከአምስት በታች ከሆነ ያን ጊዜ ጣሉት። ገበያ ላይ በሲኒና በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጠውን ዘርም ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት በዚሁ መንገድ ፈትኑት። ፀሐይ ላይ ስንት ቀን እንደዋለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል።

"ሃይብሪድ ወጪውን ይመልሳል"

ለማን? መቂና ባቱ በመስኖ ቲማቲም ለሚያመርት ገበሬ፣ አዎ። እሱ ፍሬው በአንድ ጊዜ እንዲደርስለት፣ እኩል እንዲሆንለት፣ በሳጥን ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ እንዳይፈርጥበት ይፈልጋል። የአንዳንድ ሃይብሪዶች በሽታ መቋቋምም ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። የጓሮ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነው። በየሳምንቱ ለወጥ የሚሆን ጥቂት ጥቂት። ለእሱ እንደ ሮማ ቪኤፍ ያለ፣ ወይም ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እንደወጡት መልካሾላና መልካሳልሳ ያለ፣ ዘሩ መልሶ የሚዘራ ቲማቲም ይበቃዋል። አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ከዚያ ከራሱ ይለቅማል።

ጸሐፊው "የሃይብሪድ ዘር መልሶ አይበቅልም" ያሉት ግን ስሕተት ነው። ይበቅላል። ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም እንጂ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ዘግይቶ የሚደርስ ይሆናል። እሽጉ ላይ ኤፍ1 የሚል ምልክት ካለ ሃይብሪድ ነው። ሌላም ልጨምር፦ ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት ሊኖረው ይችላል። ከልጆች አርቁት፤ ከነካችሁትም እጃችሁን ታጠቡ።

"ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያስልክ"

ከአሜሪካም ከአውሮፓም የሚመጣው እሽግ ያምራል፤ ሥዕሉም ይስባል። ግን ሽንኩርትን ውሰዱ። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው በቀን ርዝመት ነው። ለአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍልና ለሰሜን አውሮፓ የተዘጋጀው ዓይነት 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም የቀን ብርሃን ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ያ ሽንኩርት እዚህ ቢተከል ቅጠል ብቻ ሲያወጣ ይከርማል እንጂ ራስ አይቋጥርም። አዳማ ሬድና ቦምቤይ ሬድ የተባሉት የሽንኩርት ዓይነቶች እዚህ የሚሠሩት ከእኛ የቀን ርዝመት ጋር ስለሚስማሙ ነው።

ከዚህ በላይ ግን፣ ዘር ወደ አገር ለማስገባት የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ሕጉ የወጣው ሰውን ለማስቸገር አይደለም። እዚህ የሌለ በሽታ በአንድ እሽግ ዘር ሊገባ ስለሚችል ነው። ጸሐፊው ከጎረቤት ዘር ስለመቀበል ይህን ያህል ፈርተው፣ በሻንጣ ተደብቆ ስለሚገባ ዘር አንድ ቃል አለማለታቸው አልገባኝም።

"ከጎረቤት ዘር መቀበል በሽታ መቀበል ነው"

ድንች ላይ ልክ ናቸው። ድንች ሲያጠወልግ የሚገድለው የባክቴሪያ በሽታ ጤነኛ በሚመስል ድንች ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ለዓመታት አይለቅም። ስለዚህ የዘር ድንች ማሳውን ካላያችሁት ሰው አትቀበሉ፤ ከታወቀ ዘር አባዢ ግዙ። የፎሶሊያና የሰላጣ ቅጠል የሚያዥጎረጉር ቫይረስም በዘር ይተላለፋል።

ከዚህ ተነሥቶ "ከማንም አትቀበሉ" ማለት ግን ተገቢ አይደለም። የሱቅ ዘርም በሽታ ሊኖርበት ይችላል። የጎረቤት ዘር አንድ ብልጫ አለው፦ እናቲቱን ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቅጠሏ የተዥጎረጎረ፣ የተጨማደደ ወይም ከዳር ወደ ውስጥ የቢጫ ማዕዘን እየሠራ የሚደርቅ ከሆነ ዘሯን አትውሰዱ። ጤነኛ ከሆነች ውሰዱ። ስትሰጡም እንደዚሁ፤ ከታመመ ተክል ለሰው ዘር አትስጡ።

ለጥቅል ጎመንና ለቲማቲም ዘር ተጨማሪ መከላከያ አለ። ዘሩን በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ 50 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ 25 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙትና አድርቃችሁ ወዲያው ዝሩት። ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለኩት፤ በእጅ ግምት አይሆንም። ከበለጠ ዘሩን ይገድለዋል፣ ካነሰ በሽታውን አይገድለውም። ያረጀ ዘር ይህን አይችልም። ፎሶሊያና አተርም ላይ አትሞክሩት፤ ይጎዳቸዋል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። ብዙ ሰው የሚሰማቸው ሰው ስለሆኑ ነው። ክረምቱ ሳይገባ፣ ሰዎች መደብ እያዘጋጁና የዘር ዕቃቸውን እየፈተሹ ሳለ፣ "ጣሉት" የሚለውን መስመር አውጥተው በቦታው የሶፍቱን ሙከራ ይጻፉበት። የቀረውን ልዩነታችንን በጽሑፍም በአካልም ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። የሐበሻ ጎመን ዘር ከፈለጉም፣ ክር የታሰረባቸውን እናቶች መጥተው አይተው ይውሰዱ።